እናቴ ለጋሽ ማቴዎስ የነገረችው

ጋሽ ማቴዎስ ሞተ። ሠፈሩ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው። ዘማሪዎቹ ይዘምራሉ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳን ሥራ አቁመው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ የጸሎት ቤት ሽማግሌ እጄን ያዙና «ታሪኩ፣ አንተ እኮ ልጁ ማለት ነህ፤ ተነስና አንድ ነገር ተናገርለት» አሉኝ። «አልችልም» አልኳቸው። ሐዘን አፌን የያዘኝ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሐዘን አይደለም። ብናገር ድንኳኑ ይፈርስ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አረፍተ ነገሩ ቢጣመምባችሁ ተዉት፣ ነገሩን ያዙልኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። እናቴ ልትሞት ስትል የመጨረሻ ቃሏን በስልክ የተናገረችው ለጋሽ ማቴዎስ ነው። ለእኔ እንዲነግረኝ። በጊዜው አልነገረኝም። ያ ቃል ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አሁን ምድር ላይ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ዓይኔ ቀልቶ ያያችሁኝ ካላችሁ፣ ለዛ ቃል ነው። ለሰውዬው አንድ ዘለላ እንባ አላወጣሁም። ድሮ «እሳቸው» ነበር የምለው፤ አሁን «እሱ» ይበቃዋል።

የጋሽ ማቴዎስ ጋራዥ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከባህል አዳራሽ ወረድ ብሎ ነው። እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጨማደደ የመኪና አካል መትቼ፣ አቃንቼ፣ ስቱኮ ለብጬ ለቀለም የማስረክበው እኔ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አልክድም። ከይርጋለም ወዲያ ካለው ገጠራችን ልብሴን በፌስታል ይዤ ስመጣ እዛው ግቢ መኝታ ሰጠኝ፣ መዶሻ አስያዘኝ። ተሳድቦ አያውቅም። ሌላ ጋራዥ ብትሄድ ባለቤቱ ቺያቬ ይወረውርብሃል፣ እናትህን ይሰድባል። ጋሽ ማቴዎስ ሙሉ ባልዲ ቀለም ብትደፋበት «ጥረገው» ይልሃል፣ አለቀ። እኛ ትዕግሥት ነው እንል ነበር። ትዕግሥት እኮ ውስጥህ የሚነድ ነገር ኖሮ እሱን ስታፍነው ነው። እሱ ጋ የሚነድ ነገር አልነበረም።

ደግሞ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የተሸወድነው። የለበሰውን ጃኬት በዝናብ አውልቆ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። የታመመ ካለ እሱ ነው የሚያሳክመው፣ የቸገረው ካለ እሱ ጋ ነው የሚላከው። በጸሎት ቤት ስለ መስጠት ሲሰበክ የሰው ዓይን ሁሉ ወደሱ ይዞራል።

የውሻውን ነገር ልንገራችሁ። ከቡችላነቱ ያሳደገው ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረው። ከእጁ ካልሆነ አይበላም። መኪናው ከፒያሳ ሲታጠፍ ድምፁን ለይቶ በሩ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን የደንበኛ ልጅ፣ ትንሽ ልጅ ናት፣ «ሲያምር!» አለች።

«ውሰጂው» አላት።

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ራሱ ገመድ አስሮ መኪናቸው ላይ ጫነው። ልጅቷ በደስታ አለቀሰች፣ አባቷ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ነብሮ ገመዱን በልቶ፣ እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። ጋሽ ማቴዎስን ሲያይ መሬት ላይ ተኝቶ እያለቃቀሰ ሽንቱን ለቀቀው። ሰውዬው ተራመደው።

«የሰው ውሻ እዚህ ምን ይሠራል? ደውሉላቸው» አለና ቢሮው ገባ።

የሰው ውሻ! ሠፈሩ ግን ያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «የሚወደውን ውሻ እንኳን ለልጅ ሰጠ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሁለተኛውን ያየነው እኛ ነን፤ እኛም ያየነውን አላየንም።

እንዲያውም አንዴ ጠይቄዋለሁ። «ጋሽ ማቴ፣ ሲሰጡ አይከብዶትም?»

«ምኑ?»

«ያው... ከእጅ ሲወጣ።»

አሰበ። ጠይቀኸው ካሰበ እውነቱን ነው የሚነግርህ። «ሰው የሚከብደው የሚለቀው ነገር ስለሚያመው ነው አይደል? እኔን አያመኝም። ለምን እንደሚያማችሁም አይገባኝም» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሞኙ ቅድስና መሰለኝ። ቀናሁበት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ሠፈሩ ከምንም በላይ የሚፈልገው ግን ለመርዶ ነበር። እኛ ጋ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። አጠገቡ ላለ ትልቅ ሰው ይደወላል። እሱ ሰዓቱን ይመርጣል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ንጋት ላይ ሄዶ ያረዳል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ እንባ ይቀድማቸዋል። አንዱማ ለራሱ ራሱን ስቶ ባለ ሐዘኗ ውሃ ያጠጣችው አለ። ጋሽ ማቴዎስ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ሰው ሞተ ሲባል፣ ስልኩ የሚጮኸው እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

አንዴ ይዞኝ ሄደ። ከጋራዡ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፣ ወንድሟ ሞቶ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ሲሰሙ መጀመሪያ ‹ውሸት ነው› ይላሉ። እስኪሉ ጠብቅ። ከዛ እጃቸውን ያዝ። ቀድመህ ከያዝክ ይመቱሃል። ውሃ ቶሎ አትስጥ፣ ያንቃቸዋል።» ላሜራ የት ቢመታ ወዴት እንደሚመጣ ሲያስተምረኝ በሚያወራበት ድምፅ ነው ይሄን የሚለው። ገባን፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ነገራት። እሷ እየጮኸች መሬት ላይ ስትወድቅ ዓይኑ ፊቷ ላይ ነበር። ሌላው ሰው ፊቱን ሲያዞር እሱ ያያል። ጉንጩ ላይ እንባ አይቻለሁ፣ በእውነት አይቻለሁ። ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ግን በመሐረብ ጥርግ አደረገና «ፉል እንብላ ወይስ ጨጨብሳ?» አለኝ። ፉል በላን። ዳቦ አስጨምሮ በላ።

ጠንካራ ሰው ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

እንግዲህ የእኔ ተራ መጣ። አንድ የተገለበጠ ኮስተር አውቶብስ ገብቶልን ነበር፣ ቅዳሜ ማታ ለሠርግ መውጣት ያለበት። ጣሪያው እንዳለ ወርዷል። ያንን ማቃናት የምንችለው እሱና እኔ ብቻ ነን። ሳምንቱን በሙሉ ጆሮዬ እስኪደነቁር ቀጠቀጥኩ። ስልኬ ጃኬቴ ውስጥ፣ ጃኬቴ ሚስማር ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ኮስተሩ አዲስ መስሎ ወጣ። እሁድ ሲነጋ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከፊት ለፊታቸው ጋሽ ማቴዎስ፣ ባርኔጣው እጁ ላይ።

«ታሪኩ፣ እናትህ አርፋለች» አለኝ።

«ውሸት ነው» አልኩ።

እጄን ያዘኝ። ልክ በሰዓቱ።

ከዛ በኋላ ያደረገውን ደግሞ ልናገር፣ በኋላ ጥላሸት ቀባው እንዳትሉኝ። ባስ ተኮናትሮ የሠፈሩን ሰው ጭኖ ወሰደ። ድንኳን እሱ፣ ምግብ እሱ፣ እንግዳ ተቀባዩ እሱ። ገጠር ድረስ ወርዶ እጅጌውን ሰብስቦ በራሱ እጅ ሳህን ሲያዞር የአገሬው ሰው «ተባረክ፣ ዘርህ ይባረክ» አለው። እናቴ ግን ቅዳሜ ተቀብራለች። «ዘግይተው ነው የነገሩኝ» አለኝ። ዘመዶቼ ሊያዩኝ አልፈለጉም። አጎቴ ሲጨብጠኝ የጣቱን ጫፍ ነው የሰጠኝ። ሐዘን ነው አልኩ። ስንመለስ የጋሽ ማቴዎስን ጉልበት ሳምኩ። ይሄ ነው እንግዲህ እስከ አሁን አፌን የሚመረኝ።

ዓመት ከምናምን አለፈ። ለዘመን መለወጫችን፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ እኔም ሄድኩ። የእናቴ መሬት ነገር ተነሳና ትንሽ ቃል ተወራወርን። አጎቴ ብድግ አለ።

«አንተ ደግሞ ስለ እናትህ መሬት ታወራለህ? ስትጠራህ ‹ሥራ አለብኝ› ብለህ የቀረኸው?»

«ማን ጠራኝ?»

«ማን ጠራኝ ይላል ደግሞ! እኔ ራሴ ረቡዕ ለአለቃህ ደወልኩ። ‹አትሰነብትም፣ ልጁን ላኩልን› አልኩት። እሷም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ‹ውጡልኝ› ብላ አስወጣችን። ብዙ አወራችው። በማግስቱ ስደውልለት ‹ነግሬዋለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ› አለኝ። አርብ ሞተች፣ በሩን እያየች።»

«ለምን ለእኔ አልደወልክም?»

«ለትልቅ ሰው ከተነገረ በኋላ በላዩ ላይ ይደወላል እንዴ? ደግሞ እንቢ አለ ለተባለ ልጅ!»

ገባችሁ? ልማዱ ለእኔ እንዲራሩልኝ ነው የተሠራው። በእኔና በክፉ ወሬው መሃል የሚራራ ሰው ይቁም ተብሎ። የቆመው ግን ማቴዎስ ነው። ከገጠራችን እስከ ሐዋሳ ደግሞ እሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ ብይዝ ለምሳ አጠገቧ ነበርኩ።

ከዛ ቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። የሆነ ቪትዝ በር ላይ ስቱኮ እያለሰለሰ ነው።

«ጋሽ ማቴ፣ እናቴ ሳትሞት ደውለው ነበር?»

«አዎ» አለ። እጁን እንኳን አላቆመም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ኮስተሩን ማን ይጨርሰው ነበር?»

«እናቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ብትሄድ ትድን ነበር?»

«አያት ነበር!»

«አይተሃት ምን ልትሆን?»

እያፌዘ ቢሆን በገላገለኝ። የምሩን ነው። እንደማይገባው ሰው ቅንድቡን ሰብስቦ መልስ ይጠብቃል።

«ይኸውልህ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፤ «ረቡዕም ብታለቅስ እሁድም ብታለቅስ ልቅሶው ያው ነው። ኮስተሩ ግን ቅዳሜ ካልወጣ አይሆንም፤ ሙሽሮቹም ሰው ናቸው። ከዛ በኋላ ደግሞ ምን ጎደለብህ? የትኛው አለቃ ነው ለሠራተኛው እንደዛ የሚያደርግ?»

«‹ሥራ ላይ ነኝ አለ› ብለው በእኔ ስም ዋሹ!»

«ሥራ ላይ አልነበርክም?»

መዶሻ አጠገቤ ነበር፣ አነሳሁት። አየኝ። አልሸሸም፣ አልተቆጣም፣ አልለመነኝም። መልሼ ያስቀመጥኩት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ላይ የምመታው ሰው ስላጣሁ ነው።

«እሺ» አልኩት፤ «ምን አለችዎት?»

«ማን?»

«እናቴ! ስልኩ ላይ! ምን ንገርልኝ አለች?»

ቀና ብሎ ትንሽ አሰበ። «ብዙ አለች። አልያዝኩትም።»

«አንድ ቃል። ስለ ጌታ፣ አንድ ቃል።»

«አሮጊት የምትለውን ነው ያለችው።» ከዛ ፊቴን አየና ባለ ሐዘንን ተቀመጥ እንደሚል ሰው ለስለስ አለ። «ምን ብትል ነው ደስ የሚልህ? አንተ ንገረኝና፣ እሱን ብላለች እልሃለሁ።»

ይሄን ሲል ክፋት አልነበረበትም። እያገዘኝ ነው! ጃኬቱን አውልቆ እንደሚሰጠው ሁሉ ሊሰጠኝ ነው የፈለገው። የሰውዬው ቸርነት ይሄ ነበር።

የዛኑ ቀን ጥዬው ወጣሁ። ሌላ ጋራዥ ገባሁ። ለሰው ነገርኩ፣ ማን ሊሰማኝ? «መርቆ ያሳደገህን ሰው!» «ውለታ ቢስ!» «ኮስተር አለ፣ ምን አለ፤ ለአንተ ብሎ ገጠር ድረስ ሳህን ያዞረ ሰው!» አንዷ የጸሎት ቤት እህትማ ልትጸልይልኝ ራሴን ያዘችኝ።

የሰማኝ አንድ ደንበኛዬ ብቻ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር። የመኪናውን መከላከያ እያቃናሁለት ዘረገፍኩለት።

«ሳላየው እንዲህ ነው ማለት አልችልም» አለ፣ የተማረ ሰው እንደሚጠነቀቀው። «ግን ሳይኮፓት የሚባል ነገር አለ። የሰውን ሐዘን ያነበዋል፤ ውስጡ ግን አይገባም። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።»

«እነሱ ነፍሰ ገዳይ አይደሉም እንዴ?»

«ሁሉም አይደለም። ደግ ተብሎ የሚቀበርም ይኖራል።»

«ግን ይሰጣል እኮ! ያ ሁሉ ስጦታ ከየት ይመጣል?»

«አንተ ስትሰጥ የሰጠኸው ሰው ደስታ ላንተም ይደርስሃል፣ ሲያዝን ያምሃል፤ ለዛ ነው እጅህ የሚዘረጋው። እሱ ጋ ያ ካልደረሰ ሌላ የሚያገኘው ነገር አለ። ስም፣ መከበር፣ የሰው መታዘዝ። አንዳንዴም ምንም። ያልወደዱትን ነገር መስጠት አይከብድም። ምናልባት አብሮት የተፈጠረ ጉድለት ነው...»

«ኧረ ባክህ ተወኝ!» አልኩት። «ስም ስታወጣለት በሽተኛ አደረግከው። በሽተኛ ደግሞ ይታዘንለታል። እኔ እንዳዝንለት ነው የምትፈልገው?»

ሳቀና «መብትህ ነው» አለኝ።

እኔ የገባኝን ልናገር። መስጠት ማለት ሲቆረጥ የሚያም ነገር ይዘህ መቁረጥ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰጠ ተብሎ ይመሰገናል? ጋሽ ማቴዎስ ቧንቧ ነበር። ከፍተኸው ከጠጣህ ጠጣህ፤ ጥም ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እናቴ ደግሞ ጥሟን ይዛ እሱ ላይ ነው የጮኸችው።

በቀደም ሚስቱ እትዬ አስቴር ደወሉልኝ። «ታሪኩ፣ ታሟል። ሆዱ ውስጥ ነገር በቅሎበታል። አይተርፍም። ና።»

«እሱ ነው የጠራኝ ወይስ እርሶ?»

«እኔ ነኝ። እሱ ማንንም ጠርቶ አያውቅም።»

ሄድኩ። ሊጠይቁት እንደሚሄዱት ሰዎች ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፣ ለወጉ። ልቤ ያለው ግን ቃሉ ጋ ነው። ሰው ሲሞት ይለሰልሳል ይባላል፣ ምናልባት ያስታውሳል ብዬ። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ያዝ አደረጉኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስኖር አንድ ቀን ጮሆብኝ አያውቅም» አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። «እናቴ ጋ ሄጄ ወር ስቆይ ግን አንድ ቀን ‹መቼ ነው የምትመጪው› አላለኝም። ሰው ‹ታድለሽ› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ላንተ ያደረገውን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። አምኜሃለሁ።»

ካመኑኝ ሁሉ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ብርቱካኑን ሰጠኋቸው።

እሱ አልጋው ላይ አጥንት ሆኗል። ዓይኑ ብቻ ያው ነው። ሲያየኝ ትላንት የተለያየን ነው የሚመስለው።

«ሐኪሙ ሲነግረኝ ብታየው!» አለኝ። «አቀርቅሮ፣ ወረቀት እያገላበጠ፣ ላብ አጠመቀው። መርዶ አያውቅበትም።» ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ።

«አይፈሩም?» አልኩት።

«ምኑን?»

መቼም አይመለስም ይሄ ሰውዬ። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብኩት። ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ረስቼ ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት። «ጋሽ ማቴ፣ ይቅር፣ ሁሉም ይቅር። ኮስተሩም ይቅር። እናቴ ያለችውን ብቻ ይንገሩኝ። ከእርሶ በቀር የሰማ የለም።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። ከዛ በሲዳሙ አፎ ጀመረ። እናቴ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ እሱ ደግሞ አብሮን ስለኖረ አሳምሮ ነው የሚናገረው። ድምፁን ቀጠን፣ ደከም አድርጎ፦

«‹አትውቀሱት፣ ሥራ ይዞት ነው። ሲመጣ ወዲያው እንዳታስለቅሱት። መጀመሪያ ቡርሳሜ አብሉት፣ ቅቤውን አብዙለት። ከጠገበ በኋላ ንገሩት።›»

አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀስኩትን።

እያለቀስኩ ግን ጭንቅላቴ አልተኛም። ቡርሳሜን፣ ያንን በቅቤ የሚለወስ ቆጮ፣ የነገርኩት እኔው ነኝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር «አሁን የእናቴ ቡርሳሜ በሆነ፣ ቅቤው በእጅ ሲወርድ» እያልኩ ጋራዡን ሁሉ አሰልችቻለሁ። «ሥራ ይዞት ነው» የምትለዋ ደግሞ ለማን እንደምትመች ሕፃን ያውቃል። የራሴን ላሜራ ወስዶ፣ መትቶ፣ አቃንቶ፣ ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ ማለት ነው። ወይም ደግሞ እውነቷን ነው ያለችው። እናት ሌላ ምን ትላለች? ሁለቱንም እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከአሁን በኋላም አላውቅም።

ቀና ስል ዓይኑን ከፍቶ ፊቴን እያየ ነው። እንባዬ የት እንደደረሰ እየተከታተለ፣ በጥሞና፣ ሞተር አስነስቶ እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ሠራ?» አለኝ።

«አልሠራም» አልኩት።

ዋሽቼ ነው።